ከደምቢያ ሜዳ እስከ እህል በረንዳ፦ የኅብረተሰብ ጤና ምሩቅ ቦታው የት ነው?

በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ጎጃም በረንዳና እህል በረንዳ በሚባሉት የመርካቶ ሰፈሮች ቀኑ የሚጀምረው በጭነት መኪና ነው። ከጎጃም የመጣ ጤፍና በቆሎ፣ ከአርሲ የተጫነ ስንዴ በሰው ጀርባ ይራገፋል። ጥቂት አለፍ ሲባል በርበሬ ተራ አለ፤ መንገደኛው ስሙን ባያውቅ እንኳ በማስነጠሱ ያውቀዋል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ጄሪካን፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ታጥቦ ወይም ተቀጥቅጦ ዳግመኛ ለገበያ የሚቀርብበት ነው። ማለዳ አውቶቡስ ተራ የወረደ የገጠር ወጣት ረፋድ ላይ ከጫኝና አውራጆች ጋር ተሰልፎ ይገኛል። ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰውም በዚያው መናኸሪያ በኩል ነው።

በዚህም ምክንያት የመርካቶ ጤና የአዲስ አበባ ነዋሪ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የቡሬ አርሶ አደር በርበሬውን ያደረቀበት መንገድ በመርካቶ በኩል አልፎ በመዲናዋ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ በመርካቶ ቤርጎ የተያዘ ተላላፊ በሽታም በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ሊያድር ይችላል። ይህን የሁለት አቅጣጫ ጉዞ ተከታትሎ እንዲገታ ተብሎ የተቀረጸ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለ፤ የኅብረተሰብ ጤና ይባላል። አገሪቱ ለዓመታት አስተምራ በመጀመሪያ ዲግሪ የምታስመርቃቸው የዚህ ሙያ ወጣቶች ግን መርካቶን ከመሰለ ቦታ ጋር በሥራ እምብዛም አይገናኙም። ከፊሎቹ በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ታካሚ ሲያዩ ይውላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ዲግሪያቸውን ይዘው የቅጥር ማስታወቂያ ይጠብቃሉ። ሙያው የተፈጠረለት ሥራና ምሩቁ የሚቀመጥበት ወንበር ለምን ተራራቁ?

ሐኪም የመጣለትን ሰው “ምንህን አመመህ?” ብሎ ይጠይቃል። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ጥያቄ ለብዙዎች የሚቀርብ ነው፤ ከየት ቀዳችሁ? ምን በላችሁ? ከማን ጋር አደራችሁ? የዚህ አጠያየቅ ታዋቂው ምሳሌ በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ሶሆ በተባለ የተጨናነቀ ሰፈር የሆነው ነው። ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾች የኖሩባቸውን ቤቶች መዘገበ፤ ሞቱ በብሮድ ጎዳና በሚገኝ አንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸቱን አሳየ፤ የሰፈሩ ሹማምንትም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉ። የኮሌራ ተሕዋስ በዚያን ጊዜ በሕክምናው ዓለም ገና አልታወቀም ነበር። ማስረጃው የተሰበሰበው በእግር እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ በመጠየቅ ነው።

በኢትዮጵያም ሙያው የተወለደው በአንድ ሜዳ ላይ ከደረሰ መከራ ነው። በ1946 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በሚገኘው ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ፕሮግራም አግዘውታል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ተቋም መነሻው ይኸው ነው። ማዕከሉ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር፤ ቆላ ድባ ከእነዚያ የመማሪያ ቦታዎች አንዱ ነው። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሦስተኛው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ይህ የቡድን ሥልጠና ለጎንደር ቋሚ ልማድ ሆነ። ጅማም በ1970ዎቹ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲከፈት ተማሪን ከማኅበረሰብ መካከል ማስተማርን መለያው አደረገ።

በዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ በሽታው ታየ። ቀጥሎ በሽታው ላለበት ቦታ የሚሆን ባለሙያ ታሰበ። ትምህርት ቤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የተማሪው የልምምድ ቦታም በሽታው ካለበት አካባቢ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ሕክምናው አጋደለ። ሐኪም በጠፋበት አገር ጤና መኮንኑ ወደ ሕክምና መሳቡ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ቆማ ምንጭ ላጎልብት ብሎ የሚወጣ ባለሙያ አይኖርም። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የተፋጠነ የጤና መኮንኖች ሥልጠና 5 ሺህ ያህል መኮንኖችን ለማፍራት ያለመ ነበር። ዓላማው በየወረዳው በብዛት ይገነቡ የነበሩትን ጤና ጣቢያዎች በባለሙያ መሙላት ነው። በዚያ ዘመን የገጠር ሰው ሆስፒታል ሳይሄድ መታከም የቻለው ከዚህ የተነሣ ነውና ውለታው ቀላል አይደለም። ይሁንና የዲግሪው ስም “የኅብረተሰብ ጤና” ሆኖ የዕለት ሥራው የግለሰብ ሕክምና ሆነ። ሐኪም እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ጤና መኮንኑ በሕክምናው ወንበር ላይ ተፎካካሪ መጣበት፤ የጥንቱ የመከላከል ወንበር ግን በመዋቅር ላይ ሰፍቶ አልጠበቀውም።

የመከላከሉ ሥራ ዋና ሸክም በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ላይ አረፈ። በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች፣ መጀመሪያ ላይ 16 የጤና ፓኬጆች፣ ከቤት ወደ ቤት ጉብኝት። የአማራ ክልል አርሶ አደር ፕሮግራሙን በመጸዳጃ ጉድጓዱ፣ በአጎበሩና በልጆቹ ክትባት ያውቀዋል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ለከተሞች የሚሆነው ዓይነት ተጀመረ፤ በዚህኛው የተሰማሩት በአብዛኛው ነርሶች ናቸው። ሁለቱም በአንድ እሳቤ ላይ ቆመዋል፤ ሰው ቤት አለው፣ ቤቱ ቁጥር አለው፣ ጤናውም ከዚያ ይጀምራል።

መርካቶ ይህን እሳቤ ይፈታተነዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከ250 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፤ በወቅቱ ስፋቷ ከ8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር። ቆጠራው የያዘው በዚያ የሚያድረውን ነው። ቀን ቀን የሚገባው ሻጭ፣ ገዢ፣ ሹፌር፣ ረዳት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ሊስትሮና የጀበና ቡና ነጋዴ በማንም የቤተሰብ ማኅደር ላይ አልተጻፈም። በአዳር ሒሳብ አልጋ የሚከራይ ወጣት “ቤትህ የት ነው?” ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠራው የአባቱን ቀበሌ ነው፤ እዚያም ስሙ ካለ በአጎበር ዝርዝር ውስጥ ነው።

ገበያው ከጤና ጋር የተቆራኘበትን መንገድ ለማየት ከበርበሬና ከወተት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ መርምሮ ነበር። አውሮፓውያን ለወተት ካስቀመጡት ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮ ግራም ገደማ ከሚሆነው መጠን፣ ያላለፉት 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ4 ናሙና ከአንዱ የሚበልጠው ደግሞ የዚያን ጣሪያ 10 እጥፍ አልፎ ነበር። ምንጩ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው በላሞቹ መኖ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ዘይት ከወጣለት ኑግ የሚቀረው ፋጉሎ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው መርዝ ያመነጫል፤ ላሚቱ ትበላዋለች፤ መርዙ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን የሚጠጣው ሰው በዚያ ቀን ምንም አይሰማውም። መርዙ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ወደ ሰውነት ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት በጉበት ላይ ሲሆን፣ ከካንሰር ጋርም የተያያዘ ነው።

ይህን ሰንሰለት በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያይ የለም። ታካሚው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወተቱ ተረስቷል። ማየት የሚችለው ወተቱን፣ ፋጉሎውን፣ የዘይት መጭመቂያውንና የኑግ ነጋዴውን መጋዘን በአንድ መስመር የሚከተል ሰው ነው።

በርበሬውም እንዲሁ ነው። በቡሬ፣ በወንበርማና በጃቢ ጠህናን የሚመረተው በርበሬ ለገበሬው ዋና የገንዘብ ምንጭ ነው። በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ አፈር ይነካዋል፤ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ ሲታፈን ይሻግታል። በንግዱ መስመር ላይ ደግሞ ክብደት እንዲጨምር ወይም እንዳይሰባበር ተብሎ ውኃ የሚረጭበት ጊዜ አለ። ያች ጥቂት ውኃ ለሚዛኑ ኪሎ ስትጨምር ለሻጋታውም መኖ ትሆናለች። ብዙ የቤት እመቤቶች የሻገተውን ለይተው ይጥላሉ፤ ተፈጭቶ የተገዛው በርበሬ ግን ለመልቀም አይመችም። አፍላቶክሲን በወጥ እሳት የሚጠፋ መርዝ አይደለም። የተለመደው ሐሜት በርበሬ ውስጥ ስለሚቀላቀለው የሸክላ ዱቄት ነው፤ ነውረኛ ማጭበርበር መሆኑም አያጠያይቅም። ማንም ያላጭበረበረበት፣ በእርጥበት ብቻ የተበላሸው በርበሬ ግን ያን ያህል አይወራበትም። ጉዳቱ ከሸክላው የሚያንስ አይደለም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ማምረትንም መሸጥንም ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም በፌዴራልና በከተማ ደረጃ አለ። የቁጥጥሩ ዘዬ ግን በአመዛኙ መያዝ፣ ማሸግና መቅጣት ነው። የመርካቶ ነጋዴ በልምዱ ወረቀት ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ የግብር ሰው አድርጎ ስለሚቆጥር፣ መጋዘኑን በፈቃዱ የሚከፍተው ለጥቂቶች ነው። በቅጣት የተያዘ አንድ ኩንታል ይቃጠላል፤ ከየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው የአደራረቅ ስልት፣ በማን መጋዘን ስንት ሳምንት ቆይቶ እንደመጣ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። ጥያቄው ሳይነሣ ስለሚቀር በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ቦታ ያው በርበሬ ይመጣል። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት የሚያስተምረው ዋና ጥበብ ደግሞ ይኸው የኋልዮሽ ፍለጋ ነው።

ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ ክፍተት በአንድ ጊዜ ይገለጣል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አተት አዲስ አበባ ሲገባ የመንገድ ዳር ምግብ፣ የመጠጥ ውኃና የመጸዳጃ እጥረት ድንገት የሁሉም ወሬ ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አዲስ ከተማ በመዲናዋ ብዙ ሕሙማን ከተመዘገቡባቸው ክፍለ ከተሞች አንዷ ነበረች። በዚያው ሰሞን በአቅራቢያው ያለው አትክልት ተራ ጥግግቱን ለመቀነስ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ገበያን ለጤና ሲባል ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ያ ጊዜ አሳይቷል። ውሳኔው የተላለፈው ግን በጭንቅ ሰዓት ነው፤ ሰዎች የት እንደሚጨናነቁ፣ እጃቸውን የት እንደሚታጠቡ፣ ጭነት በስንት ሰዓት እንደሚገባ አስቀድሞ ያጠና ቢኖር የተሻለ በተዘጋጁበት ነበር። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የተነሣው ኮሌራ ተመሳሳይ ትምህርት ይዟል። ከብዙ አካባቢ የመጣ፣ በቤተሰብ ማኅደር ያልተያዘ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ የቤት ለቤቱ መዋቅር ብቻውን አይበቃም። ጠበል ስፍራውና ገበያው በዓላማቸው የተለያዩ ናቸው፤ ለውኃና ለመጸዳጃ በሚያነሡት ጥያቄ ግን አንድ ናቸው።

ተላላፊ ያልሆኑትም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከኢትዮጵያ ሞቶች 39 በመቶው የልብ፣ የካንሰር፣ የስኳርና የመሳሰሉት በሽታዎች ድርሻ ነው። ኩንታል በጀርባው የሚያመላልስ ሰው ስለ አካል ብቃት እንቅስቃሴ ምክር አያስፈልገው ይሆናል፤ ስለ ወገቡ፣ ስለሚተነፍሰው አቧራና በቀን አንዴ ስለሚበላው ምግብ ግን የሚጠይቀው የለም። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው እሱ ጭነት በሚያወርድበት ሰዓት ነው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ምን እያደረጉ ነው? በጤና ሙያዎች ላይ የብቃት ምዘና ፈተና ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የመውጫ ፈተና ደግሞ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዘርፎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ያለ ዕውቀት ዲግሪ መያዝን ያስቀራሉ። ነገር ግን ወረቀት ላይ የሚሰጥ ፈተና ተማሪው ከአንድ ነጋዴ ጋር ተግባብቶ መጋዘን ማስከፈት መቻሉን አይለካም። የመመረቂያ ጥናቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቅርጽ የተጠረበ ነው፦ የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች “ዕውቀት፣ አመለካከትና ልምድ” በመጠይቅ ይሰበሰባል፣ በመቶኛ ይሰላል፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መጠይቁን የሞላው ሰው ውጤቱን ሲሰማ አይታይም።

የጥቁር አንበሳ ሕክምና ግቢም ሆነ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከመርካቶ ሩቅ አይደሉም። ጎንደር ተማሪዎቿን በቡድን ወደ ቆላ ድባ እንደላከች ሁሉ፣ የኅብረተሰብ ጤና፣ የአካባቢ ጤናና የሥነ ምግብ ተማሪዎች በአንድ ቡድን አንድ ሴሚስተር በአንድ ተራ ላይ ቢመደቡ አዲስ ፍልስፍና አይጠይቅም፤ የቆየው አሠራር ወደ ገበያ ተዛወረ ማለት ነው። ለባሕር ዳር፣ ለደሴና ለደብረ ማርቆስ ገበያዎችም ቢሆን በአቅራቢያቸው ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ አላቸው።

አስቸጋሪው ክፍል ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ለልምምድ የሄደው ተማሪ የሚቀጠርበት መደብ ከሌለ ሥራው በሴሚስተሩ ማብቂያ ይቆማል። በጀት የለም የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ ጤና ጣቢያዎች ራሳቸው የመድኃኒትና የደመወዝ ጥያቄ አለባቸው። ሆኖም በመርካቶ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ በአገሪቱ ካሉ ገበያዎች ሁሉ የላቀ እንደሆነ ይታመናል፤ ግብርና ኪራይም ከዚያ ይሰበሰባል። ከዚህ ውስጥ በየወረዳው ለአንድ የገበያ ጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚሆን መለየት የአቅም ጉዳይ ከመሆኑ ይልቅ የቅድሚያ ጉዳይ ይመስላል። የነጋዴ ማኅበራትም ቢሆኑ የሻገተ ጭነት ሲታሸግባቸው የሚያጡትን ካሰቡ ለእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የሚሆነውን ወጪ ትርፍ ነው ሊሉት ይችላሉ። ባለሙያው ግን ከቀጪው መለየት አለበት። መጀመሪያ በመጣ ቀን ማሸጊያ ይዞ የታየ ሰው በሁለተኛው ቀን እውነት አይነገረውም።

ልጃቸው የኅብረተሰብ ጤና ተመድቦ የደወለላቸው ወላጆችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ብዙዎች “ዶክተር አይሆንም ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጁም በሐፍረት “ያው ማከም ነው” ብሎ ያልፋል። ትምህርት ክፍሉ የሚያሠለጥነው ለሕክምና ነው ወይስ ለመከላከል፣ የመስክ ልምምዱ የት ነው፣ ያለፉት ዓመታት ምሩቃን የት ገቡ ብሎ ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ የተሻለ ነው። ጥያቄው ከብዙ ቤት ሲመጣ ትምህርት ክፍሉም መልሱን ማዘጋጀት ይጀምራል።

ለመጀመሪያው ቡድን የሚሆን ሥራ ደግሞ ከወዲሁ አለ። በእህል በረንዳ ለስንት ጫኝና አውራጅ ስንት መጸዳጃ አለ፣ ከቀኑ በስንት ሰዓትስ ይዘጋል? በምናለሽ ተራ ታጥበው ከሚሸጡት ጄሪካኖች ውስጥ ቀድሞ ኬሚካል የነበረባቸው የትኞቹ ናቸው፣ ገዢውስ ዘይት ነው ወይስ ውኃ የሚይዝባቸው? በርበሬ ተራ የሚደርሰው ጭነት ከየትኛው ወረዳ ሲመጣ ይበልጥ እርጥብ ነው? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ከሚያድር ይልቅ፣ የበርበሬ ለቀማ ሳይጀመር ለቡሬና ለወንበርማ የግብርና ባለሙያዎች ቢደርስ ገበሬው ሸራና የአልጋ መስጫ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ያገኛል።